የትዳር ሐሳብና ወስዋስ፦ የቀደሙት ዑለሞች እንዴት ለዩዋቸው?

  

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር፣ አንድ ወጣት ባለትዳር ከዒሻ ሰላት በኋላ ጠበቀን። ሰው ሁሉ ተበትኖ እስኪያልቅ ጫማውን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ነበር። «ሸይኽ፣ ዛሬ ጠዋት ባለቤቴን ‹ሂጂ› ብያታለሁ። ገበያ ሂጂ ማለቴ ነበር። ግን ቃሉ ከአፌ ሲወጣ በልቤ ምን እንደነበረ አላውቅም። ፈትቻት ይሆን?» አለን። ተጣልታችሁ ነበር ወይ ስንለው የለም አለ። መፍታት አስበህ ነበር ወይ ስንለው ፊቱ ተለዋወጠና «አዑዙ ቢላህ!» አለ። እንግዲያው ምንም የለብህም፣ ወደ ቤትህ ሂድ አልነው። ደስ ብሎት ሄደ።

በማግስቱ ተመልሶ መጣ። በሦስተኛውም ቀን መጣ። ሁለት ወር ከዚያም በላይ ማታ ማታ ይመጣ ነበር። ጥያቄው መልኩን ይቀያይራል እንጂ አያልቅም። የ«ሂጂ» ጉዳይ ሲረጋጋለት ደግሞ «እኔ በእርግጥ እወዳታለሁን? የምወዳት ከሆነ ሳያት ለምን እንደ ድሮው ልቤ ደስ አይለውም? ካልወደድኳትስ አብሬያት መኖሬ እሷን ማታለል አይሆንም?» ይላል። እኛም በየምሽቱ እናረጋጋዋለን፤ አንዳንዴ ሐዲስ እንጠቅሳለን፣ አንዳንዴ እንቀልዳለን። ያጠፋነው እዚያ ላይ እንደነበር የገባን ዘግይቶ ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

በዚያው ሰሞን ደግሞ አንዲት እህት መጥታ ነበር። ባሏ ለወራት ነፈቃ አይሰጣትም፤ ያገኘውን በጫትና በጓደኛ ያጠፋዋል። «ከዚህ ሰው ጋር መኖር እችል ይሆን? እያልኩ ሌሊቱን ሙሉ አስባለሁ» አለችን። ከእኛ በፊት ያማከረቻቸው ሰዎች «ይህ የሰይጣን ወስዋስ ነው፣ ቁርኣን ቅሪና ተይው» ብለዋት ነበር። እንግዲህ ተመልከቱ! ወስዋስ ያለበት ሰው ጥያቄው እንደ እውነተኛ ጥያቄ ተቆጥሮ በየቀኑ መልስ ሲሰጠው፣ እውነተኛ በደል የደረሰባት ሴት ደግሞ ወስዋስ ነው ተብላ ተሸኘች። የዛሬውን ርእስ እንድናነሳ ያደረጉን እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው።

ወስዋስ የሚለው ቃል ለቤታችን እንግዳ አይደለም። አማርኛ ተናጋሪው «ወስዋሳ» ሲል ሐሳቡ የማይረጋ ሰው ማለቱ ነው፤ «ልቤ ተወሰወሰ» ይላል። ኦሮምኛ ተናጋሪው ሙስሊምም ወስዋሳ ይለዋል። ሸይኽ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ቁርኣንን ወደ አማርኛ ሲመልሱ (ትርጉሙ የታተመው በ1961 ዓ.ም. ነው) በሱረቱ ናስ ውስጥ ያለውን ቃል «ጎትጓች» ብለውታል። እኛ ይህን አተረጓጎም እንወደዋለን። ጎትጓች ሰው መልስ ብትሰጠውም አይሄድም፤ መጎትጎት ሥራው ነውና።

ነገሩ የጀመረው በእኛ ዘመን አይደለም። በመዲና ሶሃቦች ራሳቸው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀርበው፣ ለመናገር እንኳ የሚከብድ ነገር በልባቸው እንደሚመጣባቸው ከስሰዋል። ሙስሊም እንደዘገቡት የተሰጣቸው መልስ ይህ ጥርት ያለ ኢማን ነው የሚል ነበር። ዑለሞች ሲያብራሩት፣ ኢማን የተባለው የመጣው ሐሳብ ሳይሆን ሰውየው በሐሳቡ መደንገጡና መጥላቱ ነው ብለዋል። ዑስማን ኢብኑ አቢልዓስ (ረ.ዐ.) በሰላታቸው መካከል ስለሚገባባቸው ጉትጎታ ሲናገሩም፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአላህ እንዲጠበቁና ወደ ግራቸው ሦስት ጊዜ እንትፍ እንዲሉ መከሯቸው እንጂ ሰላቱን ከመጀመሪያው ድገም አላሏቸውም። ውዱኡ የጠፋ የመሰለው ሰውም ድምፅ ሳይሰማ ወይም ሽታ ሳያገኝ ሰላቱን አቋርጦ እንዳይወጣ ታዝዟል። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ሌላ ሐዲስ ደግሞ፣ ሰው ካልሠራበት ወይም ካልተናገረው በቀር ነፍሱ በውስጡ በምታወራው ነገር ኡማው እንደማይጠየቅ ያበስራል።

ይህ ሁሉ ከትዳር ጋር ምን ያገናኘዋል ትሉ ይሆናል። ኢማም አል-ቡኻሪ (በ256 ዓ.ሂ. ያረፉት) ይህንን የመጨረሻውን ሐዲስ ያስገቡት በጠላቅ ኪታባቸው ውስጥ፣ የተገደደ፣ የሰከረና አእምሮውን የሳተ ሰው ስለሚያደርገው ፍቺ በሚናገረው ባብ ነው። በዚያው ባብ የሶሃባውን የዑቅባ ኢብኑ ዓሚርን (ረ.ዐ.) ቃል ጠቅሰዋል፤ ፍሬ ነገሩ የወስዋሳም ሰው ጠላቅ አይጸናም የሚል ነው። ዑቅባ በሙዓዊያ ዘመን የግብፅ አስተዳዳሪ የነበሩና በ58 ዓ.ሂ. ያረፉ ናቸው። ስለዚህ የጨለለቂው ወንድማችን ጥያቄ ከ1300 ዓመታት በላይ አስቀድሞ ተጠይቆ መልስ የተሰጠው ጥያቄ ነበር ማለት ነው። ታቢዒዩ ቀታዳም በልቡ ብቻ ለፈታ ሰው ያ ምንም አይደለም ማለታቸው እዚያው ሰፍሯል።

ይሁን እንጂ በዚያችው መዲና ሌላ ዓይነት ጉዳይም ነበር። የሳቢት ኢብኑ ቀይስ ባለቤት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥታ፣ በባሏ ጠባይም ሆነ በዲኑ ነውር እንደማታወጣ፣ ነገር ግን ከእሱ ጋር መኖር እንዳልቻለች ተናገረች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመህር የሰጣትን የአትክልት ቦታ ትመልስለት እንደሆነ ጠየቋት፤ እሺ አለች፤ ባልየውም እንዲፈታት ታዘዘ። ከባርነት ነፃ የወጣችው በሪራም ባሏን ሙጊስን አልፈልግም ስትል እርሱ በመዲና መንገዶች እያለቀሰ ይከተላት ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አዝነውለት አማላጅ ሆኑ። እሷ ትእዛዝ ነው ወይ ስትል ጠየቀች። ምልጃ ብቻ መሆኑ ሲነገራት እንግዲያው አያስፈልገኝም አለች፤ ማንም አላስገደዳትም። ለሁለቱም ሴቶች «ወስዋስ ይዞሻል» አልተባሉም። ለምን ቢባል፣ የሚፈልጉትን ያውቃሉ፤ አንድ ጊዜ ተናገሩ፤ መልሱን ሲያገኙ ጉዳዩ አለቀ። «ወስዋስ ነው» እያሉ ሴትን ከደጃፋቸው የሚመልሱ ወንድሞች እነዚህን ሁለት ታሪኮች ደግመው እንዲያነቡ እንመክራለን።

ከመዲና ወደ ምሥራቅ፣ ዛሬ አፍጋኒስታን ወደምትባለው ሀገር እንሻገር። በበልኽ ከተማ አቅራቢያ በ235 ዓ.ሂ. (850 እ.ኤ.አ.) ግድም የተወለዱ አቡ ዘይድ አል-በልኺ የሚባሉ ሊቅ ነበሩ። «መሷሊሑል አብዳን ወል-አንፉስ» የተሰኘ ኪታብ ጽፈዋል፤ የአካልና የነፍስ ደኅንነት እንደማለት ነው። በዘመናቸው የነበሩት ሐኪሞች አካልን ብቻ እያከሙ ነፍስን መተዋቸው ያሳሰባቸው ስለነበር፣ ከኪታቡ አንዱን ክፍል ለነፍስ ሰጡ። ንዴትን፣ ፍርሃትን፣ ሐዘንንና ወስዋስን ለየብቻቸው አስቀመጧቸው። ስምንተኛውና የመጨረሻው ባብ ሙሉ በሙሉ ስለ ወስዋስ ነው።

የበልኺ ትልቁ ሥራ መለየታቸው ነው። ፍርሃት አለ፣ ሐዘን አለ፤ እነዚህ ምክንያት አላቸው፣ ሰው ሁሉ ይነካቸዋል። ወስዋስ ግን ሰውየው ሳይፈልገው እየተመላለሰ የሚመጣ የውስጥ ወሬ ነው፤ በእጁ ያለውን መልካም ነገር እንዳያጣጥም ያደርገዋል፤ ሊመጣ የማይችለውን ክፉ ነገር ዛሬ የሚመጣ ያስመስልበታል። መነሻውም ከሰይጣን ሊሆን እንደሚችል፣ ከአካል የተፈጥሮ ሚዛን መዛባትም ሊሆን እንደሚችል ጽፈዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጣቸውን ልብ በሉ። እኛ ዛሬ «ወይ ሰይጣን ነው ወይ በሽታ ነው» እያልን እንከራከራለን፤ እሳቸው ከ1000 ዓመታት በፊት በዚህ አልተጨቃጨቁም። መፍትሔያቸውም ለብቻ አለመሆን፣ ከሰው መቀላቀል፣ በሥራ መጠመድ፣ ጤናማ ሐሳብን አስቀድሞ እንደ መድኃኒት ማስቀመጥ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ራኒያ ዐዋድና ሳራ ዐሊ የተባሉ ተመራማሪዎች የበልኺን ገለጻ ከዛሬው የሕክምና መስፈርት ጋር አስተያይተው በጣም ተቀራራቢ መሆኑን በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ አሳይተዋል።

ከእሳቸው በኋላ ዑለሞች ስለ ወስዋስ በተከታታይ ጽፈዋል። አቡ ሙሐመድ አል-ጁወይኒ (438 ዓ.ሂ.) ለብቻው ኪታብ አላቸው፤ የኢብኑ ቁዳማህ (620 ዓ.ሂ.) «ዘምሙል ሙወስዊሲን» እና የኢብኑል ቀይም (751 ዓ.ሂ.) «ኢጋሰቱል ለህፋን» ዝነኞች ናቸው። ኢብኑል ጀውዚ የዘገቧትን ታሪክ ግን ሳንነግራችሁ አናልፍም። አንድ ሰው ኢብኑ ዐቂል ዘንድ መጥቶ «ውሃ ውስጥ ደጋግሜ እነከራለሁ፤ ግን መታጠቤን እጠራጠራለሁ» ቢላቸው፣ እንዲህ ያለ ሰው አእምሮው እንደሌለ ነውና ሰላት ከአንተ ወርዷል ብለው መለሱለት። ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን ሰውየው የፈለገውን መቶኛ ማረጋገጫ እንዳልሰጡት አስተውሉ።

ይህ ሁሉ የተደገፈበት አንድ የፊቅህ መሠረት አለ። እርግጠኛ የሆነ ነገር በጥርጣሬ አይወገድም የሚለው ነው። ኒካህ እርግጠኛ ነው፤ ወሊይ ነበረ፣ ምስክር ነበረ፣ መህር ተቆርጧል። «ፈትቼ ይሆን?» የሚለው ጥርጣሬ ነው። ስለዚህ ጥርጣሬው ኒካሑን አያፈርሰውም። ኢማም አን-ነወዊ (676 ዓ.ሂ.) በ«ሚንሃጅ» ውስጥ በጠላቅ ስለተጠራጠረ ሰው የሰጡት ፍርድ በጣት ከሚቆጠሩ ቃላት አይበልጥም፤ አይቆጠርም ነው። ሚንሃጅን በሀገራችን የሻፊዒይ ደርስ ቤቶች የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። እኛም በልጅነታችን በቃል ስንሸመድደው እንዲህ አጭር መሆኑን ወደን ነበር፤ ስንት ቤት ከመፍረስ እንደሚያድን ግን ያኔ አልገባንም። በእነዚሁ ደርስ ቤቶች የሚከበሩት ኢብኑ ሐጀር አል-ሀይተሚ (974 ዓ.ሂ.) ደግሞ ለወስዋስ መድኃኒት አለው ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ ጠቃሚ መድኃኒት አለው፣ እሱም ከነጭራሹ አለመስማት ነው ብለዋል። የሰማውና የታዘዘው ሰው ግን እየባሰበት ይሄዳል ሲሉ አስጠንቅቀዋል።

እንግዲህ የእኛ ስህተት ይህ ነበር። ወንድማችንን በየምሽቱ «አልፈታህም፣ አትጨነቅ» እያልን ስንመልሰው ጎትጓቹን እየሰማንለት ነበር። መልሱ ለአንድ ሌሊት ያሳርፈዋል፤ በማግስቱ ሌላ መልስ ይፈልጋል፤ እኛም ሳናውቀው የሕመሙ አካል ሆነናል። በኢብኑ ሐጀር ኪታብ ውስጥ ያነበብነውን ነገር በደጃችን ቆሞ ስናየው ሳናውቀው ቀረን።

የዛሬዎቹ ሐኪሞች ይህን ሕመም ከአእምሮ ሕመሞች መድበው የሚያስጨንቅ ሐሳብና ተደጋጋሚ ድርጊት ያለበት ይሉታል። ከመቶ ሰው ውስጥ ከ1 እስከ 3 የሚሆነው በሕይወት ዘመኑ እንደሚያገኘው ይገመታል። እጅን ደጋግሞ መታጠብ፣ በርን ደጋግሞ ማየት የታወቁት ናቸው። ካለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ግድም ወዲህ ደግሞ ሕመሙ በትዳር ላይ ሲያርፍ የሚይዘው መልክ ለብቻው ተጠንቷል። አንዱ መልክ «እወዳታለሁ ወይ? ትክክለኛዋ ናት ወይ?» እያለ ልብን ሌት ተቀን መፈተሽ ነው። ሌላው በአንድ ጉድለት ላይ መቸንከር ነው፤ በአፍንጫዋ፣ በአነጋገሯ፣ በትምህርቷ ማነስ። እንዲህ ያለባት ሴትም ባሏን እንዲሁ ታያለች። ሰውየው ከጎረቤት ባልና ሚስት ጋር ያስተያያል፤ የድሮ ፎቶ አውጥቶ የዚያን ጊዜ ደስታውን ይለካል፤ ወንድሙን፣ እናቱን፣ ኢማሙን ይጠይቃል። ይህን ስናነብ የወንድማችንን ታሪክ የጻፉት ነው የመሰለን።

ተራው የትዳር ሐሳብ ግን ሌላ ነው። ማንም ባለትዳር አንድ ቀን «ምን ነክቶኝ ነው ያገባሁት?» ሳይል አይቀርም። የቤት ኪራይ ሲጨምር፣ አማት ስትመጣ፣ ልጅ ሲታመም ፍቅርም ይቀዘቅዛል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ኒሳእ 19ኛ አንቀጽ ሰው በሚጠላው ነገር ውስጥ ብዙ መልካም ሊያኖርበት እንደሚችል የነገረን ለዚህ ነው፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) አማኝ ከሚስቱ አንዱን ጠባይ ቢጠላ ሌላውን እንደሚወድ ነግረውናል። እንዲህ ያለው ሐሳብ መነሻ አለው። ምክንያቱ ሲፈታ ይፈታል፤ ሲወያዩበት ይቀላል፤ ካልሆነም ከሁለቱም ወገን ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ከዚያም ካለፈ ቃዲ አለ። በሀገራችን የቃዲና የናኢባ ምክር ቤቶች በ1936 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 62 ተቋቁመዋል፤ በ1992 ዓ.ም. ደግሞ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188 ተጠናክረዋል። ነፈቃ የተከለከለችው እህታችን ጉዳይ የሚወሰደው ወደ ሽማግሌና ወደ ቃዲ ነው፤ እኛም ወደዚያው መራናት። የሚደበደብ ሰው ፍርሃትም እንዲሁ ወስዋስ አይባልም።

ወስዋሱን የሚያሳውቀው አመጣጡ ሳይሆን አካሄዱ ነው። መልስ ሲያገኝ አያርፍም። ሰውየው ሐሳቡን ይጠላዋል፣ ግን ሊተወው አይችልም። መቶ ከመቶ እርግጠኛ ካልሆንኩ ይላል፤ የሰው ልብ ደግሞ መቶ ከመቶ ተለክቶ አያውቅም። ከቀኑ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስድበታል፤ ሥራውንና እንቅልፉን ይበላበታል። አንዳንዱ ጠላቅ የሚለውን ቃል ላለመስማት ደርስ መቀመጥ ያቆማል። ሌላው ከተጋባ ዓመታት በኋላ ስለ ትዳሩ በየሌሊቱ ኢስቲኻራ ይሰግዳል። ኢስቲኻራ ታላቅ ዒባዳ ነው፤ ነገር ግን ለመቶኛ ጊዜ የሚሰገደው አላህን ለመማከር ነው ወይስ ለጎትጓቹ ለመታዘዝ? ይህን የምንጠይቀው ለመውቀስ አይደለም፤ የታመመ ሰው ነውና።

ሰይጣን በትዳር ላይ ማነጣጠሩን አንክድም። ኢብሊስ ከጭፍሮቹ ሁሉ ባልና ሚስትን ለያይቶ የመጣውን እንደሚያቀርበው በሙስሊም ተዘግቧል። ቢሆንም በልኺ እንዳስተማሩት የአካሉም በር አለ። በ1966 እ.ኤ.አ. ቪክተር ሜየር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሎንዶን ውስጥ ታማሚዎች የሚያስጨንቃቸውን ነገር እየተጋፈጡ፣ ድርጊቱን ግን እንዳይደጋግሙ በማድረግ ማከም ጀመረ። ጭንቀቱ ከፍ ይልና በራሱ ይወርዳል። ከኢብኑ ሐጀር «አለመስማት» ጋር አንድ ነው ባንልም ዘመድ ነው። ዛሬ ይህ ሕክምና በሠለጠነ ሰው ደረጃ በደረጃ ይሰጣል፤ እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለ መድኃኒትም ይታዘዛል፤ ውጤቱ እስኪታይ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ የሚጥለው ብዙ ነው።

በወለጋ የልቡ ነገር የከበደው ሰው ወደ ሸይኾች መሄዱ የቆየ ልማድ ነው። ከቦርኑ መጥተው በምዕራብ ወለጋ በያአ የተቀመጡትና በ1953 እ.ኤ.አ. ያረፉት አል-ፈቂ አሕመድ ዑመር ዘንድ ከየአቅጣጫው ሰው ይመጣ እንደነበር ይታወቃል። የአእምሮ ሐኪም ግን ሩቅ ነበር። ከነቀምቴ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት የሀገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። በ1987 እ.ኤ.አ. እዚያው የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን ሲጀመር ነው ባለሙያው ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች መውጣት የጀመረው።

ወንድማችንን ወደ አንድ የአእምሮ ሕክምና ነርስ የላክነው ብዙ ካለማመጥነው በኋላ ነው። «እብድ ነህ ማለትህ ነው?» ብሎ አኩርፎን ነበር። ነርሱ እኛንም ጠርቶ አነጋገረን። ከዚያ በኋላ ከወንድማችንና ከባለቤቱ ጋር ተስማማን። ስለ ጠላቁ ለመጨረሻ ጊዜ አንድ መልስ ሰጠነው፤ ኒካሕህ እንዳለ ነው አልነው። ከዚያ ወዲያ ቢጠይቀን «መልሰናል» ብቻ ልንለው፣ ባለቤቱም እንዲሁ ልትለው ቃል ገባን። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለእሱም ለእኛም ከባድ ነበሩ። አንድ ምሽት አልቅሶ ሄዷል፤ እኛም ያን ሌሊት አልተኛንም።

ከወራት በኋላ ከዒሻ ሰላት ስንወጣ እንደ ድሮው ጫማውን ይዞ ቆሞ አየነው። «ሸይኽ...» ብሎ ጀመረና ዝም አለ። እኛም ዝም አልን። ትንሽ ቆየና ፈገግ ብሎ፣ «ዘንድሮ ቡና በኪሎ ስንት ገባ?» አለን።